ሬንደሩ ያማረለት ሁሉ ሥራ አያገኝም፦ ስሪዲ የልብስ ዲዛይን ሳስተምር ያየሁት

የፋሽን ተማሪዎችን ኮምፒውተር ላይ በስሪዲ (3D)፣ ማለትም ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ባለው ምስል፣ ልብስ መሥራት አስተምራለሁ። ፓተርኑ (ጨርቁ የሚቆረጥበት የቁራጮች ንድፍ) ስክሪን ላይ ይሳላል፣ እዚያው ይሰፋል፣ አቫታር የሚባለው ዲጂታል ገላ ይለብሰዋል፤ ከዚያ ጨርቁ እንዴት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚይዝና የት እንደሚላላ መቀስ ሳይነሳ ይታያል። ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን አስቤ ነው። አንዱ ኮርሱን እንዲያስተምር የተመደበና ከየት እንደሚጀምር ግራ የገባው መምህር ነው። ሌላው ቪዲዮ እያየ ለብቻው የሚለማመድ፣ «ይሄ ነገር እውነት እንጀራ ይሆነኛል?» እያለ የሚጨነቅ ተማሪ ነው።

መልሱን ላስቀድም፤ ይሆናል። ችግሩ ብዙ ተማሪ የሚደክምበት ቦታና ሥራ የሚያስገኘው ቦታ አለመገናኘታቸው ነው። ተማሪ ሌሊቱን የሚያነጋው መብራት ሲያስተካክል፣ አቫታሯን ሲያስረማምድ፣ የጨርቁን አንጸባራቂነት ሲያሳምር ነው። ቀጣሪ ደግሞ ሬንደሩን (ኮምፒውተሩ ያወጣውን ያማረ ምስል) አይቶ «ጥሩ ነው» ይልና ፋይሉን እንዲከፈትለት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚመለከተው ይህ ፓተርን ተቆርጦ ቢሰፋ ያንኑ ልብስ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለውን ብቻ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ልብስ ከንድፍ ተነስቶ ለምርት እስኪፀድቅ ድረስ ናሙናው ተሰፍቶ ይላካል፣ ሰው ለብሶት ይታያል፣ አስተያየት ይጻፍበታል፣ ተመልሶ ይሰፋል፣ እንደገና ይላካል። ዲዛይነሩ በአንድ አህጉር፣ ፋብሪካው በሌላ አህጉር ሲሆኑ እያንዳንዱ ዙር ሳምንታት ይበላል። ኩባንያዎች በስሪዲ ማስቀረት የሚፈልጉት ይህን ምልልስ ነው። ቶሚ ሂልፊገር ከ2022 የፀደይ ስብስቡ ጀምሮ ልብሶቹን በሙሉ በስሪዲ ዲዛይን ለማድረግ መነሳቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር። በማግስቱ ዓመት ኮሮና መጥቶ ናሙና መላላክ ሲስተጓጎል፣ ሲያመነቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ሳይወዱ በግድ ገቡበት። ናሙናን ሊተካ የመጣ ፋይል ደግሞ እንደ ናሙና መታመን አለበት። የሚዋሽ ፋይል ከናሙና መዘግየት የባሰ ኪሳራ ያመጣል፤ ስህተቱ የሚታየው ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ነዋ።

በዚያው በ2019 ዘ ፋብሪካንት የተባለው ድርጅት በአካል የሌለ፣ ስክሪን ላይ ብቻ የሚኖር ቀሚስ በ9,500 ዶላር መሸጡን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያነሱብኛል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሕልማቸውንም አልነካባቸውም። ግን የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስበን ክፍል ውስጥ አብረን ስናነብ የሚደጋገመው ሌላ ነው፦ የስሪዲ ቴክኒካል ዲዛይነር፣ የዲጂታል ፓተርን ባለሙያ፣ የጨርቅ ዳታ ኃላፊ፣ የልክ ባለሙያ። እነዚህ ሁሉ ልብስን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የሚፈልጉ ቦታዎች ናቸው።

የትኛው ሶፍትዌር ይማሩ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል። የኮሪያው ክሎ ስሪዲ ለጀማሪ ይቀላል፤ መማሪያ ቪዲዮውም ሞልቷል። የብራውዝዌር ቪስቲቸር ከቴክኒካል ዲዛይነሮች አሠራር ጋር የተሳሰረ ነው። ኦፕቲቴክስ፣ ጌርበርና ሌክትራ መጀመሪያውኑ ከፓተርን ክፍል የመጡ ናቸው (ሌክትራ እ.ኤ.አ. በ2021 ጌርበርን ገዝቶ አሁን አንድ ቤት ሆነዋል)። ብሌንደር በነጻ ይገኛል፤ ጨርቅም ያስመስላል፤ ነገር ግን የተሠራው ለፓተርን ሥራ አይደለም። ምክሬ አንዱን መርጣችሁ ጥልቅ ድረስ ሂዱ ነው። ድርና ማግ፣ ኖች (ቁራጮች የሚገጣጠሙበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት)፣ የስፌት ትርፍና የጨርቅ ክብደት በየትኛውም ሶፍትዌር ያው ናቸው። አንዱን በደንብ የያዘ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚቸገረው ቁልፎቹን በመፈለግ ብቻ ነው። በየወሩ ሶፍትዌር የሚቀያይር ግን የሁሉንም መግቢያ በር አውቆ ሳሎኑን ሳያይ ይቀራል።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ። ሸሚዝ በእጁ ሰፍቶ የማያውቅ ተማሪ ስክሪን ላይ ሸሚዝ እንዲሰፋ አላደርግም። ኮሌታ ስንት ቁራጭ እንደሆነ፣ እጅጌ ሲገጠም ለምን ከላይ ጥቂት ትርፍ እንደሚያዝ፣ ካውያ የትኛው ላይ ከስፌት በፊት የትኛው ላይ ከስፌት በኋላ እንደሚገባ በእጅ ካልታወቀ፣ ሶፍትዌሩ ማንኛውንም ጠርዝ ከማንኛውም ጠርዝ ጋር እሺ ብሎ ይሰፋል። አርባ ሴንቲሜትር ጠርዝ ከሠላሳ ሴንቲሜትር ጋር ስፋ ብትሉት ምንም ሳያጉረመርም ይሰፋዋል። ማሽን ላይ ግን ወይ ሽብሽብ ይሆናል ወይ እምቢ ይላል። እጁ ያንን እምቢታ የቀመሰ ተማሪ ስክሪኑ ዝም ሲል ይጠራጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ሁልጊዜ ተማሪው ሌላ ክፍል ቆርጦ የሰፋውን፣ ወረቀቱ ያልጠፋበትን አንድ ልብስ ይዞ መጥቶ እሱኑ ኮምፒውተር ላይ መልሶ መሥራት ነው። እውነተኛው ልብስ ጠረጴዛው ላይ ስላለ መዋሸት አይቻልም።

ከዚያ ጨርቅ ይመጣል። ከኮርሱ ሁሉ ትልቁን ሰዓት የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ ጨርቅ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መልኩ ነው፦ ቀለሙ፣ ሽመናው፣ ሸካራነቱ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያሳየው። ሌላው ጠባዩ ነው፦ ክብደቱ፣ ውፍረቱ፣ በድሩ፣ በማጉና በሰያፍ የሚሳበው መጠን፣ ለመታጠፍ ያለው እምቢተኝነት። ተማሪ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። የጂንስ ፎቶ በሐር ጠባይ ላይ ይለጥፍና ሱሪው እንደ መጋረጃ ሲወርድ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ይህን በሽታ የሚያድነው አንድ ልምምድ አለኝ። ሁሉንም መልክ አጥፍተን ልብሱን ሙሉ በሙሉ ግራጫ እናደርገዋለን። ከዚያ የክፍሉ ሰው አወራረዱን ብቻ አይቶ ጨርቁ ምን እንደሆነ ይገምታል። ሱፍ ነው የተባለውን ሁሉም ሳቲን ነው ካሉት፣ ባለቤቱ ወደ ጠባዩ ቁጥሮች ይመለሳል።

ቁጥሮቹን ደግሞ ከሶፍትዌሩ ቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዲወስዱ አልፈቅድም፤ ይለካሉ። ለመለካት ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚል እምነት አለ፤ ኩባንያዎቹ የሚሸጧቸው የጨርቅ መለኪያ ሳጥኖች እውነትም ጥሩ ናቸው፤ በጃፓን የካዋባታ ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጨርቅን በትናንሽ ኃይሎች እየሳበና እያጠፈ ሲለካ ኖሯል። ለመማር ግን ቀላሉ ይበቃል። 10 በ10 ሴንቲሜትር ጨርቅ በጥንቃቄ ቆርጦ የግራም መቶኛ በሚያነብ ሚዛን መመዘን፣ ውጤቱን በ100 ማባዛት። 1.6 ግራም ከመጣ ጨርቁ በካሬ ሜትር 160 ግራም ነው፤ የተለመደ የቲሸርት ጀርሲ እዚያ አካባቢ ነው። 12 አውንስ የሚባለው ጂንስ (በካሬ ያርድ ነው) ወደ ካሬ ሜትር ሲለወጥ 400 ግራም ያልፋል። ተማሪ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በእጁ ካወጣ በኋላ ክብደት የሚለውን ሳጥን ባዶ ትቶ አያልፍም።

ለመታጠፍ ያለውን እምቢተኝነት የምንለካው ፐርስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ዛሬም በደረጃ መለኪያዎች ውስጥ አለ። ተማሪዎች በካርቶን አንድ ቁልቁለት ይሠራሉ፤ ከላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ታች በ41.5 ዲግሪ የሚያዘነብል። ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ በጠፍጣፋው ላይ አስተኝቶ በማስመሪያ ቀስ እያሉ ወደ ጫፉ መግፋት። ጨርቁ ከጫፉ አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠልና በክብደቱ እየጎበጠ ሄዶ አፍንጫው ቁልቁለቱን ሲነካ ይቆማል። ያለፈው ርዝመት ግማሹ የመታጠፊያ ርዝመት ይባላል። ስስ ሐር ገና ከመውጣቱ ተደፍቶ ይነካል፤ ሸራ ደግሞ እጁን እንደዘረጋ ሰው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ይህ ክፍለ ጊዜ ሳቅ የሚበዛበት ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ውስጥ «ቤንዲንግ» (መታጠፍ) የሚለውን የቁጥር መንሸራተቻ ማንም በግምት አይጎትተውም።

ቁጥሮቹ ከገቡ በኋላ ማረጋገጫው የአወራረድ ሙከራ ነው። በኩሲክ ዘዴ 30 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ጨርቅ 18 ሴንቲሜትር በሆነ ክብ ማቆሚያ ላይ ይደረጋል፤ ዳር ዳሩ እየተጣጠፈ ይወርዳል። በጣም ለስላሳ ከሆነ ክቡ ወደ 24፣ ደረቅ ከሆነ ወደ 36 ሴንቲሜትር ይለወጣል። ያንኑ ሙከራ ሶፍትዌሩ ውስጥ እንሠራለን። ከላይ ቀጥ አድርገን ሁለቱንም ፎቶ እናነሳና እጥፋቶቹን እንቆጥራለን። እውነተኛው ሰባት እጥፋት ከሰጠና የስክሪኑ አራት ሰፋፊ ብቻ ከሰጠ፣ ዲጂታሉ ጨርቅ ደርቋል ማለት ነው። ፍጹም አንድ እንዲሆኑ አልጠብቅም፤ ጨርቅ ራሱ ሁለቴ ቢጣል ሁለት ዓይነት ይወርዳል። ልዩነቱ የት እንዳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከቻሉ ለእኔ በቂ ነው።

መረቡም እዚህ ላይ ይገባል። ሶፍትዌሩ ጨርቁን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። በክሎ ስሪዲ የነጥቦቹ ርቀት ሲከፈት 20 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ርቀት ሲሠሩ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፤ ስስ ጨርቅ ግን ጭምትርታው ይጠፋና እንደ ላስቲክ ምንጣፍ ይሆናል። ወደ 5 ሚሊሜትር ሲወርድ ነጥቦቹ አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ይሆናሉ፤ ኮምፒውተሩም ያቃስታል። ደንባችን በ20 ሠርቶ በ5 መፍረድ ነው። በ20 ላይ የተገኘን ልክ ለማንም እንደ መጨረሻ አናሳይም።

አሁን ደግሞ ብዙ መማሪያ ቪዲዮዎች ሳይነኩት ስለሚያልፉት ነገር ልናገር። አንዲት ተማሪ ሱሪ ሠርታ ወገቡ ላይ የመሳቡ ካርታ ቀይ ሆኖ አስቸገራት። (ካርታው ጨርቁ በተሳበበት ቀይ፣ ባልተሳበበት ሰማያዊ ያሳያል።) የአቫታሯ ወገብ 70 ሴንቲሜትር ነው፤ ፓተርኗ ስፌቱ ተቀንሶ 71 ነው። አንድ ሴንቲሜትር ልቅነት አለው፤ ታዲያ ለምን ይጨነቃል? ፓተርኑን ልታሰፋው መዳፊቷን ስታነሳ አስቆምኳት። ብዙውን ጊዜ አቫታሩ በማይታይ ቀጭን ሽፋን የተከበበ ነው፤ ጨርቁ ገላውን እንዳይወጋ የሚጠብቅ። በክሎ ስሪዲ መጀመሪያ 3 ሚሊሜትር ሆኖ ይገኛል። 3 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም። ነገር ግን በዙሪያው ሁሉ ስለሆነ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ 3.14 ጊዜ 3 ነው፤ ወደ 19 ሚሊሜትር ይጠጋል። ማለትም ጨርቁ የሚያገኘው ወገብ 70 ሳይሆን 71.9 ነው። ሱሪው ልክ ነበር።

የሚገርመው ይህ ጭማሪ ለትልቅም ለትንሽም ያው መሆኑ ነው። ዳሌም ላይ 1.9 ሴንቲሜትር ነው፣ አንጓም ላይ 1.9 ነው። 95 ሴንቲሜትር ዳሌ ላይ አይሰማም፤ 16 ሴንቲሜትር አንጓ ላይ ግን ከመቶ አሥር እጅ በላይ ነው። የእጅጌ ጫፍና ኮሌታ ላይ ስሪዲው «ጠቧል» ሲል መጀመሪያ የምንመለከተው ይህንን ነው። ለሚለጠፍ ልብስ ሽፋኑን ወደ ዜሮ እናወርደዋለን፤ ገላው በጨርቁ ካፈተለከ መረቡን እናጠራለን። ለሰፊ ልብስ ባለበት እንተወዋለን። ይህን የማያውቅ ሰው በስክሪን ምክር ፓተርኑን ሁለት ሴንቲሜትር አስፍቶ ፋብሪካ ይልካል፤ እውነተኛዋ ሴት ስትለብሰው ሱሪው ከወገቧ ይወርዳል።

ሌላው ጉዳይ ማታለል ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ ቃል የለኝም። ሶፍትዌሮቹ ጨርቁን ይዞ መጎተት፣ በመርፌ አየር ላይ ሰቅሎ ማቆም፣ አንድን ቁራጭ አደንዝዞ ማቀዝቀዝ ይፈቅዳሉ። ልብሱን መጀመሪያ ገላው ላይ ለማስተካከል እነዚህ ያስፈልጋሉ። ችግር የሚመጣው ተማሪው እምቢ ያለውን ትከሻ በመርፌ ሰቅሎ ፎቶ አንስቶ ሲያስረክብ ነው። ስለዚህ ሥራ ስቀበል የማደርገው አንድ ነው። ፋይሉን ከፍቼ መርፌዎችን በሙሉ አጠፋለሁ፣ የቀዘቀዘውን አቀልጣለሁ፣ ጨርቁ በራሱ እስኪረጋጋ እለቀዋለሁ። ያኔ የቆመው ነው የተማሪው ሥራ። በመጀመሪያው ርክክብ ላይ አንዳንዱ ልብስ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይህን ፈተና ራሳቸው ቤታቸው ሠርተው ይመጣሉ።

ሐቀኛ ፋይልም ቢሆን የማያውቀው ነገር አለ፤ ይህንንም አስተምራለሁ። በሰያፍ የተቆረጠ ቀሚስ ልብስ ሰፊዎች ጠርዙን ከመቀምቀማቸው በፊት አንድ ሌሊት የሚሰቅሉት ጨርቁ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ስለሚረዝም ነው፤ ያውም እኩል አይረዝምም። ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ጨርቁ የተረጋጋበትን ቅጽበት ነው፤ የሌሊቱን መርዘም አይጨምርበትም። ካውያ የሚያሳጥረውን ሱፍ፣ መጀመሪያ ሲታጠብ የሚሰበሰበውን ጥጥ፣ የስፌት ክር ሲጠብቅ የሚያመጣውን መጨማደድም ካልነገራችሁት አያውቅም። ከነዚህ አንዱ ያለበት ልብስ ሲሆን ቴክ ፓኩ (የልብሱን መለኪያና አሠራር የሚዘረዝረው ሰነድ) ላይ «አካላዊ ናሙና ያስፈልጋል» ብለው እንዲጽፉ አደርጋለሁ። መቼ ስክሪኑን ማመን እንደሌለበት የሚያውቅ ሠራተኛ ኩባንያ ውስጥ ይፈለጋል።

ከሁሉም ልምምዶች ፍሬው በዓይን የሚታየው ግን ልውውጡ ነው። የእያንዳንዱ ተማሪ ፋይል ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ተቀባዩ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ፋይሉን ከፍቶ ሦስት ለውጥ ማድረግ አለበት፦ ርዝመቱን መቀነስ፣ ኮሌታውን መቀየር፣ አንድ ሳይዝ ማሳደግ። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል። ዝምታው ከባድ ነው።

አንድ ጊዜ በጣም ያማረ፣ ክፍሉ ሁሉ ያደነቀው ጃኬት ነበር። የተረከበችው ልጅ ጥቂት ከነካካች በኋላ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ኪሱ አልከፈት አለኝ።»

«እንዴት? ቁራጩን ምረጪውና አንቀሳቅሺው።»

«ቁራጭ የለውም። ፎቶ ነው የተለጠፈበት።»

ኪሱ፣ ክዳኑ፣ በዙሪያው ያለው ስፌት ሳይቀር አንድ ምስል ነበር። ገበር የለውም። ኮሌታው አንድ ንጣፍ ነው። ቁራጮቹ ሶፍትዌሩ የሰጣቸውን ስም እንደያዙ ናቸው፤ «ፓተርን 14»፣ «ፓተርን 27»፣ «ፓተርን 27 ቅጂ»። ከሩቅ ጃኬት ነው፤ ቆርጦ ለመስፋት ግን ምንም መረጃ የለበትም። ባለቤቱ ያኔ ምንም አላለም፤ በቀጣዩ ሥራው ግን የእያንዳንዱ ቁራጭ ስም፣ የክር አቅጣጫ፣ የስፌት ትርፍና ኖች በቦታው ነበር። እኔ ስንት ክፍለ ጊዜ ስለ ስም አሰጣጥ ብናገር ያን ያህል አይገባም ነበር።

ከልውውጡ ጋር የፋይል መላክን እናያለን። ፋብሪካው ያንኑ ሶፍትዌር ላይጠቀም ስለሚችል ፓተርኑ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ዲኤክስኤፍ (DXF) በሚባል የፋይል ዓይነት ነው፤ ለልብስ የተዘጋጁት ኤኤኤምኤ እና ኤኤስቲኤም የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። መንገድ ላይ ኖች ይጠፋል፣ የክር አቅጣጫ ይዞራል፣ መለኪያ ይምታታል። ሚሊሜትር እንደ ኢንች ከተነበበ ልብሱ 25.4 ጊዜ ይተልቃል፤ እሱስ ወዲያው ያስታውቃል። የሚያስፈራው የማያስታውቀው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፋይል ጥግ ላይ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ እንዲጨምሩ አዝዣለሁ። ተቀባዩ መጀመሪያ ካሬውን ይለካል። 10 ካልሆነ ሌላውን አያይም።

ውጤት አሰጣጤም ይህንኑ ይከተላል። ከ100 ውስጥ ለሬንደር የምሰጠው 10 ብቻ ነው። 40 ለፓተርኑና ለስፌቱ፣ 30 ለጨርቁና ለልኩ ማስረጃ፣ 20 ለተቀባዩ አስተያየት ነው፤ ይህን የመጨረሻውን የሚሞላው ፋይሉን የተረከበው ተማሪ እንጂ እኔ አይደለሁም። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ። በተለይ በምስል ጎበዝ የሆኑት። እኔ ግን ምስል አያስፈልግም አላልኩም፤ ምስል የሚያምረው ከሥሩ ልብስ ሲኖረው ነው። አሁን ደግሞ ጽሑፍ ተቀብሎ በሴኮንዶች የልብስ ምስል የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞልቷል። ለሐሳብ መጀመሪያ አልጠላውም። ከሚያወጣው ምስል አንዱን አንስታችሁ የጎን ስፌቱን በጣት ተከተሉት፤ ብብት አካባቢ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይጠፋል ወይም ሁለት ይሆናል። ምስል ብቻ የሚሠራ ተማሪ ከእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ጋር ነው የሚወዳደረው።

ስለ ኮምፒውተር ባጭሩ። ጥሩ ግራፊክስ ካርድና በቂ ራም ያለው ማሽን ያስፈልጋል፤ የቢሮ ላፕቶፕ ይከፍተዋል እንጂ አያሠራም። ማሽን ባነሰበት ክፍል ሁለት ሁለት አድርጎ ማስቀመጥ ከመፈራረቅ ይሻላል፦ አንዱ መዳፊት ይይዛል፣ ሌላው ከወረቀቱ ፓተርን መለኪያውን እያነበበ ያዛል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራሉ። የሚያዝዘው ብዙ ጊዜ ከሚሠራው ይበልጥ ይማራል። ፋይል በቀንና በቅደም ተከተል ቁጥር ይቀመጥ፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» የሚል ስም ያለው ፋይል አልቀበልም።

ለሥራ የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ፖርትፎሊዮአችሁን እንዲህ አድርጉት። ሦስት ወይም አራት ልብስ ይበቃል፤ ሃያ ሬንደር የሚያይ ሰው የለም። ለእያንዳንዱ ልብስ ከምስሉ ጎን የተዘረጋውን ፓተርን አሳዩ። የመሳብ ካርታውን አሳዩ፤ ቀይ ካለበት አትደብቁት፣ ለምን እንደሆነና ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉበት። ጨርቁን እንዴት እንደለካችሁ ሁለት መስመር። ቢያንስ አንዱ ልብስ ተሰፍቶ፣ በተመሳሳይ ማዕዘን የተነሳ ፎቶው ከስክሪኑ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ከተመረቁ ልጆቼ የምሰማው ቃለ መጠይቁ ላይ ረጅሙን ወሬ የሚያስነሳው ያ ገጽ እንደሆነ ነው፤ የተለያዩበትን ቦታ እየጠቆሙ «ይሄ ለምን ሆነ?» ይሏቸዋል። ልዩነቱን ማስረዳት ከቻሉ ቀሪው ይቀላል።

ፈተናም ይኖራል። ብዙውን ጊዜ የፓተርን ፋይልና ቴክ ፓክ ይሰጣችሁና በጥቂት ሰዓት ገጣጥሙ ትባላላችሁ። ቴክ ፓኩ ላይ ያለው መለኪያና ፓተርኑ የማይስማሙበት ቦታ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አታስተካክሉት። ሆን ተብሎ የተቀመጠም ይሁን እንዲያው ያመለጠ፣ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የትኛውን እንደተከተላችሁ ግለጹ። ጊዜ ካጠራችሁ መብራቱን ተዉትና ስፌቱን ጨርሱ።

የመጀመሪያው ሥራ የሚያጓጓ ላይሆን ይችላል። የቁልፍና የዚፕ ፋይል ማደራጀት፣ ጨርቅ ስካን ማድረግ፣ ያለፈውን ወቅት ልብስ በአዲስ ቀለም ማውጣት ሊሆን ይችላል። ጨርቅ ስካን የምታደርጉበትን ጊዜ አትናቁት፤ የኩባንያውን ጨርቅ ሁሉ በእጁ የዳሰሰና ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ በልክ ጉዳይ ሁሉ ይጠየቃል።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የስሪዲው ፋይል ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፓተርን ክፍልና ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ከሆነ ቦታው ያሳድጋችኋል። ለሽያጭ ካታሎግ ምስል ብቻ ከሆነ ሥራው ሥራ ነው፣ ደመወዝም ይከፈላል፤ ግን ፓተርኑን የሚያይላችሁ ሰው አይኖርም። እንዲያ ከሆነና ከገባችሁበት፣ ከፓተርን ክፍሉ አንድ ሰው ፈልጋችሁ በሳምንት አንድ ፋይላችሁን አሳዩት።